ጥያቄ ከእናንተ፣ መልስ ከእኛ፦ የጠረጴዛ ላይ ጦር በወዳጆች መካከል

የዚህ እትም ጥያቄዎች በሙሉ ከድሬዳዋና ከሐረር የመጡ ናቸው፤ ሁሉም ስለ አንድ ጨዋታ ይጠይቃሉ። ጨዋታው በታሪክ የተደረገን ጦርነት በትንንሽ ምስሎች (ተጫዋቾቹ ሚኒያቸር ይሏቸዋል)፣ በሜትርና በዳይስ ጠረጴዛ ላይ እንደገና ማካሄድ ነው። መነሻው እ.ኤ.አ. በ1824 ራይስቪትዝ የተባለ የፕሩሲያ መኮንን ለጦር መኮንኖች ማሠልጠኛ ያዘጋጀው ጨዋታ ነው። ዛሬ የሚጫወቱት አብዛኛውን ጊዜ ዕድሜ ልክ የሚተዋወቁ ወዳጆች ናቸው። የቆየ ወዳጅ ሲሸነፍ አይቀየምም፤ መሀል ላይ ደንብ ሲለወጥበት ግን ይቀየማል። መልሶቻችን ከውድድሩ ቀን በፊት በሚሠራው ሥራ ላይ የሚያተኩሩት ለዚህ ነው።

ስምንት ነን። አንድ ትምህርት ቤት አብረን የተማርን፣ አሁን ሁላችንም ባለ ቤተሰብ ነን። እስካሁን ሁለት ሁለት እየሆንን ነበር የምንጫወተው። አንድ ቅዳሜ ሁላችንም ተገናኝተን አሸናፊው የሚለይበት ውድድር ብናደርግ ብለናል። አቦ፣ በአንድ ቀን ያልቃል ወይ? የድሬንም ሙቀት አስቡልን።
— ከድሬዳዋ፣ ከዚራ

መልስ፦ ያልቃል፤ ያውም ከምሳ በፊት። ሁሉም ከሁሉም ጋር ይጫወት ካላችሁ ለስምንት ሰው ሰባት ዙር ያስፈልጋል፤ ያ በአንድ ቀን የሚሆን አይደለም። የሚሻለው የስዊስ ሥርዓት ነው። በመጀመሪያው ዙር ማን ከማን እንደሚገጥም በዕጣ ይለያል፤ በሁለተኛው አሸናፊ ከአሸናፊ፣ ተሸናፊ ከተሸናፊ ይጋጠማሉ፤ በሦስተኛውም በነጥብ የሚቀራረቡት ይገናኛሉ። አንድ ጊዜ የተጋጠሙ ሰዎች እንደገና አይገናኙም። አቻ ውጤት ከሌለ ከስምንት ሰው በሦስት ዙር ሳይሸነፍ የሚወጣው አንድ ብቻ ነው። ማንም ደግሞ ተሸንፎ ከውድድር አይወጣም፤ ለወዳጆች ትልቁ ጥቅሙ ይህ ነው። በጥሎ ማለፍ ብታደርጉት አራቱ ሰዎች ገና በጠዋቱ ተመልካች ሆነው ይቀራሉ።

ሰዓቱን እንዲህ አድርጉት። አንደኛው ዙር ከጠዋቱ 2፡00 እስከ 3፡15፣ ሁለተኛው ከ3፡35 እስከ 4፡50፣ ሦስተኛው ከ5፡10 እስከ 6፡25፣ ከዚያ ምሳ። በሁለት ዙር መካከል ያለው 20 ደቂቃ ለቡናና ነጥብ ለመመዝገብ ነው፤ አትቀንሱት። ከቀነሳችሁት በየዙሩ መዘግየት ተጠራቅሞ ሦስተኛው ዙር ይገፋና የቀትር ሙቀት ላይ ይወድቃል፤ ያን ጊዜ ሰው ይታክተዋል፣ ክርክርም የሚበዛው እዚያ ላይ ነው።

ለእያንዳንዱ ሰው 12 ቤዝ ይበቃዋል። (ቤዝ የምንለው ሦስት ወይም አራት ምስል አንድ ላይ ተጣብቆ የሚቆምበትን ጠፍጣፋ ነው።) ከተጋጣሚው 4 ቤዝ ቀድሞ ያጠፋ ያሸንፋል። ሰዓቱ ካለቀ ሁለቱም እኩል ተራ ተጫውተው ያቆማሉ፤ በ2 ቤዝ የበለጠ ያሸንፋል፣ ልዩነቱ ከዚያ ካነሰ አቻ ነው። ለአሸናፊ 4 ነጥብ፣ ለአቻ 2 ስጡ፤ ተሸንፎም 3 ቤዝ ያጠፋ ሰው 1 ያግኝ። ይቺ አንድ ነጥብ ቀላል አይደለችም። እሷ ከሌለች እየተሸነፈ ያለ ሰው ቸል ብሎ መጫወት ይጀምራል፤ የተጋጣሚው ድልም ይረክሳል። በመጨረሻ ሁለት ሰው እኩል ነጥብ ካመጣ የየአንዳንዳቸውን ሦስት ተጋጣሚዎች ነጥብ ደምሩ፤ ድምሩ የበለጠው ከጠንካሮች ጋር ስለተጫወተ ይቀድማል።

የጦር አሰላለፉን ከአገራችን ሰንጠረዥ ብትወስዱት ደስ ይለናል። በሰንጠረዥ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ ጠጠራቸውን እንደልባቸው ያንቀሳቅሳሉ፤ ያ ጊዜ ወረራ ይባላል። እናንተም የ2 ደቂቃ ወረራ ስጡ። ሁለቱም በየራሳቸው 15 ሳንቲ ሜትር ውስጥ አንዱ የሌላውን እያየ ጦሩን ያሰልፋል፣ ይለውጣል። ስልኩ ሲጮህ እጅ ይነሳል። «አንተ ቀድመህ አሰልፍ» እየተባለ የሚያልፈው ሩብ ሰዓት ይድናል።

አንድ ሰው ቢቀር ሰባት ትሆናላችሁ። አዘጋጁ የራሱን 12 ቤዝ ይዞ ከዘጠነኛ ሰውነት ይጀምር፤ ሰው ሲጎድል ይገባል፣ ሲሞላ ዳኛ ይሆናል።

ጠረጴዛውን በስንት በስንት እናሠራው? ምስሎቹስ? እዚህ የሚሸጥበት ቦታ አላገኘንም።
— ከሐረር፣ ሸዋ በር

መልስ፦ 122 በ244 የሆነውን ኮምፔንሳቶ ግማሹን ግዙ። እሱ በመስቀል ሲቆረጥ 60 በ60 የሆኑ አራት ሰሌዳዎች ይወጡታል፤ ለስምንት ሰው ይበቃል። እንጨት ቤቱ እዚያው በማሽን ይቁረጥላችሁ፤ በእጅ መጋዝ ከተቆረጠ ጠርዙ ስለሚዛነፍ ለትልቅ ጨዋታ አራቱን አንድ ላይ ስትገጥሙ ክፍተት ይፈጠራል። ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱ። ላዩን በፕላስቲክ ቀለም ቀቡትና ሳይደርቅ የተነፋ አሸዋ በትኑበት፤ ሲደርቅ ትርፉን አራግፉ።

ለቤዙ 3 ሚሊ ሜትር ኤምዲኤፍ ይሁን። ሁሉም ግንባራቸው 4 ሳንቲ ሜትር ነው። ጥልቀታቸው ለእግረኛ 2፣ ለፈረሰኛ 3፣ ለመድፍ 4 ሳንቲ ሜትር ይሁን። በእግረኛ ቤዝ ላይ 4 ምስል፣ በፈረሰኛ 3፣ በመድፍ አንድ መድፍና ሁለት ተኳሽ። ግንባሩ ከሰው ሰው ከተለያየ ክንፍ የተመታው የትኛው እንደሆነ መለየት ስለማይቻል ይህን ልክ አጥብቁት።

ምስል ከውጭ የሚያስመጣላችሁ ዘመድ ካለ ባለ 15 ሚሊ ሜትሩን አስመጡ። ከሌለ ወረቀት ይበቃል። የወታደሩን ፊትና ጀርባ ራስ ለራስ ገጥማችሁ በ200 ግራም ወረቀት ላይ አሳትሙ፣ አጥፋችሁ በኮላ አጣብቁ፣ በካተር ቁረጡ። ማተሚያው ሌዘር መሆኑን ጠይቁ፤ በቀለም ውሃ በሚያትመው ማሽን ከታተመ ኮላው ሲነካው ቀለሙ ይፈሳል። ከቆረጣችሁ በኋላ ነጭ ሆኖ የሚቀረውን የወረቀቱን ጠርዝ በጥቁር ቡናማ ማርከር ዙሩት። ይህን ያደረገና ያላደረገ ጦር ጎን ለጎን ቢቆሙ ልዩነቱ ከአንድ ሜትር ርቀት ይታያል።

የዐድዋ ወታደሮችን እየቀባሁ ነው። ችግሬ ነጩ ሸማ ነው። እንደ ኖራ ይሆናል፣ ይቋጠራል፣ ሲደርቅም ይሰነጠቃል። ቀለሙ አክሪሊክ ነው፤ ሌላው ቀለም እሺ ሲለኝ ነጩ ብቻ እምቢ አለ።
— ከድሬዳዋ፣ ለገሃሬ

መልስ፦ ሁለት ነገር ተደርቦብዎታል። ነጭ ቀለም ከሌሎቹ ይልቅ ዱቄቱ ብዙና ከባድ ነው፤ አንድ ጊዜ ወፍራም አድርገው ቢቀቡት ለመተኛት ጊዜ ይፈልጋል። ድሬዳዋ ላይ ያንን ጊዜ አያገኝም። ቀለሙ ገና ብሩሹ ላይ እያለ ውሃው ይተናል፤ ምስሉ ላይ የሚያርፈው በግማሽ የደረቀ ሊጥ ነው። ከላይዎ ቬንትሌተር እየዞረ ከሆነ ደግሞ ይብሳል። በሚቀቡበት ሰዓት ያጥፉት፤ ሙቀቱ ካላስቻለዎ ከጠዋቱ 12 እስከ 2 ሰዓት ወይም ማታ ይቀቡ።

በመጀመሪያ እርጥብ መደባለቂያ ይሥሩ። ጠፍጣፋ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ በስሱ ቆርጠው ያንጥፉ፣ ውሃ ያጠጡት፣ በላዩ የዳቦ መጋገሪያ ወረቀት ያልብሱት። ስፖንጁ ሲጫኑት ውሃ የሚያወጣ ግን ውሃው ያልተጠራቀመበት ይሁን። ቀለሙን የሚያፈሱት በወረቀቱ ላይ ነው። ክዳን ከገጠሙለት እስከ ማግስቱ ሳይደርቅ ያድራል።

ቀጥሎ ነጩን በነጭ አይጀምሩ። ምስሉን በሙሉ በፈዛዛ ግራጫ ያልብሱና ያድርቁ። ከዚያ 2 ጠብታ ነጭ፣ 1 ጠብታ ፈዛዛ ቡናማ፣ 1 ጠብታ ውሃ ቀላቅለው ሸማውን በሙሉ ይቀቡ። መልኩ ያልታጠበ ጋቢ ይመስላል፤ የሚፈለገውም እሱ ነው። ሲደርቅ 1 ጠብታ ጥቁር ቡናማ በ8 ጠብታ ውሃ አቅጥነው በብሩሽ ጫፍ በእጥፋቶቹ ውስጥ ብቻ ያስገቡ። ከእጥፋቱ የወጣውን ሳይደርቅ በንጹሕ እርጥብ ብሩሽ ይምጠጡት። መጨረሻ ላይ ንጹሕ ነጭ በ1 ለ1 ውሃ አቅጥነው ትከሻ፣ ክርንና የእጥፋቱ ጀርባ ላይ ብቻ ሁለት ጊዜ ያሳርፉ፤ በሁለቱ መካከል 10 ደቂቃ ይጠብቁ። አንዱ ስስ ሽፋን ካልሸፈነ ሁለተኛው ይሸፍናል፤ ለመሸፈን ብለው አያወፍሩት።

ለመኳንንቱ ጃኖ ሲሠሩ ቀዩን ጥለት ከነጩ በኋላ ይስቡት። በ15 ሚሊ ሜትር ምስል ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ስፋት ይበቃል። መስመሩ ከተዛነፈ ቀይ አይጨምሩበት፤ ከታች በኩል በሸማው ቀለም ይከርክሙት።

ስለ ፊት ቆዳ አልጠየቁንም፤ ግን አብሮ የሚመጣ ስህተት ስለሆነ እንናገረው። የቆዳ ቀለም ለማፍካት ነጭ ከጨመሩ ፊቱ አመድ የነፋው ይመስላል። በነጩ ፈንታ ቢጫማ አፈር ቀለምና ጥቂት ብርቱካናማ ይጨምሩ፤ የሦስት ሰዎች ፊት ሦስት ዓይነት ቡናማ ይሁን። ጦሩ ያን ጊዜ ሰው ይመስላል።

በተቃራኒው ወገን ደግሞ አስካሪዎቹ (በጣሊያን ጦር ውስጥ ያገለገሉት የቅኝ ግዛት ተወላጅ ወታደሮች) ነጭ ልብስና ቀይ ቆብ አላቸው፤ የሻለቃ ጦሮቹ ልዩነት በመቀነታቸውና በቆቡ ክር ቀለም ይታወቃል። የጣሊያን ነጮቹ ወታደሮች ልብስ ግን አፈርማ ነው፤ ነጭ ካደረጓቸው ጠረጴዛው ላይ ከኢትዮጵያ ጦር መለየት ያስቸግራል።

የተበላሹትን አይጣሉ። ብረት ከሆኑ አልኮል ውስጥ አንድ ቀን ያሳድሩና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይፈግፍጓቸው። ፕላስቲክ ከሆኑ በአንዱ ላይ ሳይሞክሩ ሁሉንም አይንከሩ፤ አንዳንዱ ፕላስቲክ ይለሰልሳል።

ዐድዋን መጫወት እንፈልጋለን፤ ነገር ግን ጣሊያንን መያዝ የሚፈልግ የለም። ውጤቱ የታወቀ ነው፣ ደግሞም በቁጥር አይመጣጠኑም። እንዴት ብናደርገው ለሁለቱም ወገን ጨዋታ ይሆናል?
— ከሐረር፣ ፈረስ መጋላ

መልስ፦ ሁለት ጊዜ ተጫወቱት፤ ወገን እየተለዋወጣችሁ። አሸናፊው ጣሊያንን ይዞ የተሻለ የወጣው ቡድን ነው። ያን ጊዜ ታሪኩን መለወጥ አያስፈልግም።

ቁጥሩን እንዲህ አሳንሱት። የጣሊያኑ አዛዥ የጄኔራል ባራቲየሪ ጦር 17,700 ያህል ሰውና 56 መድፍ ነበረው፤ የኢትዮጵያ ጦር ወደ 100,000 ይገመታል። አንድ ቤዝ 1,500 ሰው ነው ብትሉ ጣሊያን 12 ቤዝ ይሆናል። በየብርጌዱ አዛዥ ስም ለአልቤርቶኔ 3፣ ለአሪሞንዲ 2፣ ለዳቦርሚዳ 3፣ ለደጀኑ ለኤሌና 3፣ ለባራቲየሪ 1። የኢትዮጵያው በዚህ ስሌት 66 ያህል ይሆናል፤ ያን ያህል ምስል ለመቀባት ዓመት ይፈጃል፣ ጠረጴዛውም አይችለውም። ስለዚህ 22 ቤዝ ብቻ ሥሩና በእያንዳንዱ ሥር 2 ሽምብራ አስቀምጡ። ቤዙ ሲጠፋ አንድ ሽምብራ ተነሥቶ ቤዙ በሚቀጥለው ተራ ከምዕራቡ ጠርዝ እንደ አዲስ ይገባል። ሽምብራው ሲያልቅ ቀጥሎ የሚጠፋው አይመለስም። 22 በ3 ሲባዛ 66 ነው፤ ሒሳቡ ሞላ። ጣሊያንን የያዘው ሰው አንዱን ሲገፋ ሌላው እየደረሰበት ይሄዳል፤ ያ ጠዋት የነበረውም ይኸው ነው።

አራቱን ሰሌዳዎች ገጥማችሁ 120 በ120 አድርጉ። ለስምንት ሰው የተሰፋ ይመስል ልኩ ይገጥማል። በጣሊያን በኩል አራቱን ብርጌዶች አራት ሰዎች ይይዛሉ፤ ኤሌናን የያዘው የባራቲየሪንም ቤዝ ያንቀሳቅሳል። በኢትዮጵያ በኩል አንዱ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን፣ አንዱ የሐረሩን ገዥ ራስ መኮንንን፣ አንዱ ራስ ሚካኤልን፣ አንዱ ራስ መንገሻን ከራስ አሉላ ጋር ይይዛል፤ ለእያንዳንዳቸው 4 ቤዝ። ከራስ ሚካኤል አራቱ ሁለቱ ፈረሰኛ ይሁኑ። የቀረው 6 ቤዝ የአፄ ምኒልክና የእቴጌ ጣይቱ ደጀን ነው፤ የሚንቀሳቀሰው አራቱ ተጫዋቾች በአንድ ቃል ሲስማሙ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ጣሊያኖቹን የጎዳቸው የቁጥር ማነስ ብቻ አይደለም፤ ተለያይተው መገኘታቸውም ነው። የያዙት ንድፍ ካርታ ኪዳነ ምሕረት የሚለውን ስም ሌላ ኮረብታ ላይ አድርጎት ነበር። አልቤርቶኔ ስሙ እውነት ወደሚጠራበት ኮረብታ ሲገሠግሥ ከሌሎቹ ርቆ ብቻውን ተገኘ። ዳቦርሚዳም በኋላ ወደ ማርያም ሸዊቶ ሸለቆ ገብቶ ተቆረጠ። ይህ በጨዋታው ውስጥ ካልተሰማ የምትጫወቱት ሌላ ጦርነት ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ጣሊያንን የያዙት አራት ሰዎች እርስ በርስ አይነጋገሩ። መልእክታቸውን ከ10 ቃል ባልበለጠ ወረቀት ላይ ጽፈው ለዳኛው ይስጡ፤ ዳኛው በሁለቱ ብርጌዶች መካከል ላለው ለእያንዳንዱ 30 ሳንቲ ሜትር አንድ ተራ አዘግይቶ ያደርሳል። አልቤርቶኔን ከአሪሞንዲ 60 ሳንቲ ሜትር አርቃችሁ አስጀምሩ። «ተመለስ» የሚለው ወረቀት ከሁለት ተራ በኋላ ሲደርሰው ራስ መኮንን ከፊቱ ናቸው።

ጨዋታው 8 ተራ ነው፤ ለአንዱ 90 ደቂቃ ያዙለት። ጣሊያንን የያዘው ቡድን በምሥራቁ ጠርዝ ላወጣው ለእያንዳንዱ ቤዝ 2 ነጥብ፣ በ8ኛው ተራ መጨረሻ ጠረጴዛው ላይ ለቀረለት 1 ነጥብ ያገኛል። ከዚያ ወገን ተለዋወጡና እንደገና። ከቀኑ 10 ሰዓት ብትጀምሩ ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ያበቃል።

ስለ መሣሪያ ልዩነት ብዙ አትጨነቁ። ጣሊያኖቹ ቬተርሊ ጠመንጃ ነበራቸው፤ በእኛ በኩል ስናድሩም፣ ውጅግራውም፣ ረሚንግተኑም ተደባልቆ ነበር። ከአራቱ የእግረኛ ቤዝ ሦስቱን ባለ ጠመንጃ፣ አንዱን ባለ ጦርና ጋሻ ማድረግ ይበቃል። ፈረሰኛ ላለው ለራስ ሚካኤል አንድ ባለ ጠመንጃ፣ አንድ ባለ ጦር።

የምንጫወተው በ1 ዳይስ ላይ የጦሩን ኃይል ደምረን ነው። የበለጠው ይገፋል፣ እጥፍ የሆነው ያጠፋል። ባለ ጠመንጃው 4፣ ባለ ጦሩ 3 ነው። አንዱ ጓደኛችን ሁልጊዜ ባለ ጦር ይይዛል፣ ሁልጊዜ ይሸነፋል፤ «ዕድል ነው፣ ዳይሳችሁም የተበላሸ ነው» ይላል። እውነት አለው?
— ከድሬዳዋ፣ ሳቢያን

መልስ፦ ሒሳቡን እንቁጠረው። ሁለት ዳይስ ሲጣል 36 ዓይነት ውጤት አለ። ፊት ለፊት ሲገጥሙ ባለ 4ቱ በ21ዱ ይገፋል፣ በ5ቱ እኩል ናቸው፣ ባለ 3ቱ በ10ሩ ይገፋል። ማጥፋትን ካየን ግን ልዩነቱ ይሰፋል። ባለ 4ቱ ከ36 በ4ቱ እጥፍ ያመጣል፤ ባለ 3ቱ በአንዱም አያመጣም። ቢበዛ 9 ያገኛል፤ ተጋጣሚው ከ5 አይወርድም፣ የ5 እጥፍ ደግሞ 10 ነው። ጓደኛችሁ ፊት ለፊት እስከገጠመ ድረስ ዓመቱን ሙሉ ቢጥል አንድም ቤዝ በእጥፍ አያጠፋም። ይህ ዕድል አይደለም።

ባለ ጦር የተሠራው ለክንፍ ነው። ከጎን ለያዘው ለእያንዳንዱ ጠላት 1 የሚቀነስ ደንብ ካላችሁ፣ በሁለቱም ጎኑ የተያዘ ባለ ጠመንጃ 4 መሆኑ ቀርቶ 2 ይሆናል። አሁን ባለ 3ቱ በ21ዱ ይገፋል፤ በ6ቱም ያጠፋል፣ ማለትም ከስድስት አንዱን። ለዚህ ሦስት ቤዝ ይፈልጋል፤ አንዱ ከፊት፣ ሁለቱ ከጎንና ከጎን። በአንድ መስመር አሰልፎ መሄዱን ትቶ መሀሉን አዘግይቶ ክንፎቹን ያስቀድም። የሚገፋው የሚያፈገፍግበት ቦታ ካጣ ይጠፋል የሚል ደንብ ብትጨምሩበት ደግሞ ከኋላ አንድ ቤዝ ማድረስ ብቻውን ጨዋታውን ይለውጠዋል።

ዳይሱንም ቢሆን መርምሩለት፤ ቅሬታው በቃል ከሚመለስ በዓይኑ ቢያይ ይሻላል። በ100 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ጨው አሟሙታችሁ ዳይሱን ጣሉበት። ከተንሳፈፈ በጣት አሥር ጊዜ ገፋ አድርጉት። በየጊዜው የተለያየ ፊት ካወጣ ደህና ነው፤ ሁልጊዜ አንዱ ፊት ወደ ላይ ከመጣ በውስጡ አየር ስላለ አስወግዱት። የሚሰምጥ ዳይስ በዚህ መንገድ አይመረመርም። በውድድሩ ቀን ሁለቱም ተጋጣሚዎች በአንድ ዳይስ፣ ጠርዝ ባለው ትሪ ውስጥ ይጣሉ፤ ከትሪው የወጣ ወይም ተጋድሞ የቆመ እንደገና ይጣላል።

ከፎም ኮረብታ ሠርቼ ስፕሬይ ስነፋበት ቀልጦ ተቦረቦረ። ለምን?
— ከድሬዳዋ፣ ገንደ ቆሬ

መልስ፦ በስፕሬዩ ውስጥ ያለው ማቅጠኛ ነጩን የማሸጊያ ፎም ያሟሟል። መጀመሪያ ኮላና ውሃ እኩል ቀላቅለው ሁለት ጊዜ ይቀቡት፣ በላዩ የፕላስቲክ ቀለም ይድገሙ፤ ስፕሬዩን ጨርሶ ይተዉት። ሲንቴቲክ ቀለምና አኳራጅም እንዲሁ ይበሉታል። የተቦረቦረውን አይጣሉት፤ ስቱኮ ሞልተው ሲያደርቁት የዐድዋን ድንጋያማ ገደል ከተሠራው በላይ ይመስላል።

ለቅርብነቱ ጨለንቆን ለመጫወት አስበን ነበር። ከመካከላችን አንዱ ሐረሪ ነው፤ ምንም አላለም፣ ግን ዝም አለ። ምን ትላላችሁ?
— ከሐረር

መልስ፦ ዝምታውን ስማችሁታል፤ አታልፉት። ጨለንቆ በ1879 ዓ.ም. የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ የአሚር አብዱላሂን ጦር ያሸነፉበት፣ ሐረር በራሷ አሚር መተዳደሯ ያበቃበት ጦርነት ነው። ለአንዱ ታሪክ የሆነው ለሌላው የቤተሰብ ኀዘን ነው። ብቻውን ስታገኙት ጠይቁት እንጂ በሰባት ሰው ፊት አይሁን፤ በሰው ፊት «ግድ የለኝም» ከማለት ሌላ ምርጫ አይኖረውም። ደስ ካላለው ሌላ ጦርነት ሞልቷል። በአምባላጌ ኅዳር 28 ቀን 1888 ዓ.ም. የተደረገው ለ12 ቤዝ ይመቻል፤ አምባውም አንድ ኮረብታ ብቻ ስለሚፈልግ በአንድ ሰሌዳ ይበቃል። እሺ ካለና ጨለንቆን ከተጫወታችሁ ደግሞ ወገን በዕጣ ይለይ፤ ማንም በትውልዱ ምክንያት ወገን አይመደብለት።

ከሐረር ድሬዳዋ ጦሬን ይዤ ስወርድ ደንገጎ ቁልቁለት ላይ ሁሉም ተንጋግቶ ምስሎቹ የያዟቸው ጦሮች ተሰባበሩ፤ ያልተሰበሩትም ተጣመሙ። ሳጥኑን በጨርቅ ሞልቼው ነበር።
— ከሐረር፣ ጁገል

መልስ፦ ጨርቁ ነው የሰበራቸው፤ መኪናው በዞረ ቁጥር የጨርቁ ክር ጦሩን ይስባል። ምስሉ ምንም ሳይነካው ከሥሩ ብቻ መያዝ አለበት። ከተበላሸ ፍሪጅ በር ላይ ያለውን ጎማ ይፈልጉ፤ በውስጡ ጥብጣብ ማግኔት አለ። በካተር ሰንጥቀው ያውጡት፣ በ4 ሳንቲ ሜትር ይቁረጡት፣ በእያንዳንዱ ቤዝ ሥር ሁለት ሁለት በሱፐር ግሉ ያጣብቁ። ሳጥኑ የብስኩት ቆርቆሮ ይሁን፤ ወይም በእንጨት ሳጥን ውስጥ ስስ ላሜራ ያንጥፉ። አልሙኒየም ማግኔት አይይዝም፤ ሳይገዙ በአንድ ቁራጭ ማግኔት ይሞክሩት። ሙጫው አንድ ቀን ከደረቀ በኋላ ሳጥኑን አልጋ ላይ ገልብጠው ይነቅንቁ። የወደቀ ቤዝ ካለ ሦስተኛ ቁራጭ ይጨምሩለት፤ የብረት ፈረሰኛ አብዛኛውን ጊዜ ይፈልጋል።

ድሬዳዋ ሲደርሱ ሳጥኑን ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ አይተዉት፤ ለስላሳው ፕላስቲክ በሙቀቱ ይጣመማል። የተጣመመውን ጦር በእጅ አያቃኑት፤ ተመልሶ ይጎብጣል። ለሻይ በሚሆን ትኩስ ውሃ ውስጥ ጦሩን ብቻ 10 ሰከንድ ይንከሩ፣ በጣትዎ ያቅኑ፣ እንደያዙት ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ያግቡትና እስኪጠነክር አይልቀቁት።